በሰሌዳው ላይ የቀረው ስድስት

የሒሳብ መምህሩ ታምራት በማለዳ ከማጠናከሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን የመድረኩ ጠርዝ መትቶታል። ከበላዩ በጠመኔ «√−4 × √−9 = √36 = 6» ተጽፏል።

በአገራችን ዕቃ ቢጠፋም ሰው ቢሞትም መጀመሪያ የሚያዘው ጥበቃ ነው። ኢንስፔክተር ፈጠነች ስትደርስ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጩማ በካቴና ታስሮ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ኪሩቤል፣ «ማታ ትቼው ስወጣ ለነገው ትምህርት ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር» ብሏል። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረው ጩማ ብቻ ነው።

«እኔ በር ላይ ነኝ። ክፍል አልገባም። ጌታ ያውቃል» አለ ጩማ።

«እሱስ ያውቃል፤ ዓቃቤ ሕጉ ነው የማያውቀው» አለች ፈጠነች። አንጀቷን በልቷታል፤ ግን በባዶ እጇ ልታስፈታው አትችልም።

ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የተመረቀችው በሒሳብ ነው። ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ ርዕሰ መምህሩን ሀብተጊዮርጊስን ለብቻ ጠየቀቻቸው።

«የማይነስ ዘጠኝ ስኩዌር ሩት በማይነስ አሥራ ስድስት ስኩዌር ሩት ሲባዛ ስንት ነው?»

«የነጋቲቭ ስኩዌር ሩት አይወጣም ተብለን ነው የተማርነው። መልስ የለውም።»

ኪሩቤል ለዚሁ ጥያቄ ሳያመነታ፣ «አሥራ ሁለት» አለ።

የሟች ባለቤት ትርፌ ግን ሰሌዳውን አይታ፣ «ተማሪዎቹ እዚህች ላይ ሲሳሳቱ ምሳ አይበላም ነበር» አለቻት።

ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሁለቱም ነጋቲቭ ሲሆኑ በአንድ ሥር አይባዙም» አለች ፈጠነች። «መጀመሪያ 2i እና 3i ይሆናሉ። i በ i ማይነስ አንድ ነው። መልሱ ማይነስ ስድስት። መምህር ታምራት ይህን በሕልሙም አይስተውም። ስለዚህ ይህን የጻፈው እሱ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ መልስ አለው ብለው አያምኑም። ሲጽፍ አየሁት ያልከውም፣ በዚሁ ስሕተት ‹አሥራ ሁለት› ብለህ የመለስክልኝም አንተ ብቻ ነህ፣ መምህር ኪሩቤል። በሕይወት ትተኸው የወጣህ እንዲመስል ጻፍከው።»

ኪሩቤል ዴስኩ ላይ ተቀመጠ። «የሒሳቡን ማጠናከሪያ ለእኔ ስጠኝ ስለው ‹ይህን ምዕራፍ አትችለውም› አለኝ፣ ተማሪ ፊት። ተማሪዎቹ ሲወጡ ላናግረው ወደ ክፍሉ ተመለስኩ፤ ተጣላን፤ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ስትጽፍ ሞቶ ነበር?»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም መልሱን ነግሯታል፤ ቢሆንም ጠየቀችው።

ኪሩቤል ወደ ሰሌዳው ቀና አለ። «ያቃስት ነበር።»

የጩማን ካቴና ፈቱለት። እጆቹን የት እንደሚያሳርፋቸው ጠፋበት። ትርፌ በመስኮቱ ወደ ግቢው በር እያየች ነበር።

«ሐኪም ቤት የሚያደርስ ባጃጅ እኮ ሁልጊዜ እዚያ ይቆማል» አለች።