የግራዝማች የማዕድ መጋረጃ

በ፲፱፻፸ ዓ.ም.፣ በወርኃ የካቲት፣ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለ ሰፊ ግቢ፣ ግራዝማች ሐብተ ማርያም እንደ ድሯቸው ከመጋረጃ ጀርባ ምሳ ይበሉ ነበር። መሬታቸው ተወርሶ፣ አሽከራቸው ተበትኖ፣ ማዕርጋቸውም ተሽሮ ሳለ ያ ቀይ የከፋይ ጨርቅ መጋረጃ ብቻ ቀርቶላቸዋል። ደግ ዘመን ነበር ያ የድሮው! ሙሽራ በመጋረጃ ተሸሽጋ ትናፈቅ ነበር፤ ታቦት በመንጦላዕት ተጋርዶ ይፈራ ነበር፤ ጌታም ሲጎርስ የሰው ዓይን እንዳያገኘው ይከለል ነበር፤ መጋረጃ ያዡም ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አያይም።

የዚያን ቀን ግን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከግራዝማች እግር ሥር፣ ደርግ ሊገድለው የሚፈልገው ተማሪ ልጃቸው መለሰ ተኮራምቶ ነበር።

ቤት ለቤት የሚያስሱ ታጣቂዎች ገቡ። ከፊት የቀደመው አብዮት ጠባቂው አድማሴ ነው፤ በዚያው ቤት አድጎ፣ ያንኑ መጋረጃ ሲይዝ የኖረ።

«ምነው ልጄ፣ በምሳ ሰዓት?» አሉት የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል።

«ከዚህ ጀርባ ማነው?» አለ ከአዲስ አበባ የመጣው ካድሬ።

«ግራዝማች ናቸው፤ ማዕድ ላይ ናቸው» አሉ ወይዘሮዋ።

«ግራዝማች የሚባል ድሮ ቀረ! ጓድ አድማሴ፣ ግለጠው!»

አድማሴ እጁን ዘረጋ። ይኼኔ ከውስጥ፣ «አድማሴ! እየበላሁ ነው» የሚል የሚያውቀው ድምፅ ተሰማ።

«ይማሩኝ ጌታዬ!» አለ አድማሴ፤ ጠመንጃውን እንዳነገተ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አፉ ቀደመው፤ ልማድ ክፉ ነው።

«ጌታዬ?» አለ ካድሬው ደም ሥሩ ተገታትሮ። «አብዮቱን ለባላባት ሸጥኸው?»

ቁጣው አሰሳውን አስረሳው፤ የአድማሴን ጠመንጃ ነጥቆ እየገፈተረ ወደ በሩ ነዳው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አድማሴ ከደጃፉ ዞር ሲል ከመጋረጃው ሥር የመለሰን ጫማ አየ፤ ማየቱንም ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አወቁ። አንዲት ቃል ብትወጣው በዳነ ነበር። አልተነፈሰም።

መለሰ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ አድማሴ ግን አልተመለሰም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በዘመኑ የተገደሉት ሰዎች ስም በቤተ ክርስቲያን ሲጠራ፣ የአድማሴ ሚስት እንኳየሁ እስከ መጨረሻው ቆማ አዳመጠች። ከካርቱም የተመለሰው መለሰ «የአድማሴስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «አብዮት ጠባቂ የነበረማ ከገዳዮቹ ወገን ነው» አሉት ስም የሚጠሩት። ታሪክ ገዳይንና ሟችን ለይቶ ይጽፋል፤ ከሁለቱ መካከል የወደቀውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ያረጃሉ።

እንኳየሁ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንኳን አንተ ተረፍህ፣ ወንድሜ» አለችው። መለሰ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።