ከላፕቶፑ የጠፋው ሚሞሪ

ፍቅሬ የተገኘው በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ነው። ትንሿ መፍቻ ከእጁ አልወደቀችም። ከኋላው፣ ወለሉ ላይ፣ የእሳት ማጥፊያው ቀይ ሲሊንደር ተጋድሟል፤ ጫፉ ላይ ደምና ፀጉር አለበት። ከፊቱ ደግሞ ጀርባው የተከፈተ ላፕቶፕ ተቀምጧል።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ሊንደን ሰፈር ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለችው የጥገና ሱቁ ጠባብ ናት። ኮቪድ ከገባ ወዲህ ፍቅሬ በሩን ቆልፎ ነበር የሚሠራው። በመስኮት አይቶ ያላወቀውን ሰው አያስገባም። በሩም መስኮቱም አልተሰበረም። እንግዲህ የገባው ሰው ጀርባ የሚሰጡት ሰው ነው ማለት ነው፤ ክፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

የከተማው ፖሊስ መርማሪ ሱልጣና ከሊፋ ሬሳውን ዞራ አየችው። አዲስ አበባ ተወልዳ ኮሎምበስ ያደገች፣ ቀጭንና ፈገግታ የማታውቅ ሴት ናት። ሬሳውን ያገኘው የፍቅሬ ሸሪክ ሲሞን እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«እጅህን ከኪስህ አውጣ» አለችው።

«በረደኝ እኮ!»

«ይብረድህ። ትናንት ከፍቅሬ ጋር ስትጣሉ ተሰምታችኋል።»

«በየቀኑ ነው የምንጣላው! ደንበኛ ያሳስታል። ሃርድ ድራይቭ ማለት ሲገባው ‹ሚሞሪ› ይላል። ለምን ስለው፣ ‹እናቶቹ የሚያውቁት ሚሞሪ የሚለውን ነው፣ በሚገባቸው ላናግራቸው እንጂ› ይለኛል። በዚህ ደግሞ ሰው አይገደልም።»

«ከዚህ ባነሰም ይገደላል። ላፕቶፑ የማን ነው?»

«ሐናን የምትባል ልጅ ናት ያመጣችው። ሻይ ፈሶበታል። ትናንት ከሰዓት መጥታ ፍቅሬን ‹እገድልሃለሁ› ብላው ወጣች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ከዚያ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

ሱልጣና ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። «ሳትነካው እየው። የጎደለ ነገር አለ?»

ሲሞን አንገቱን አሰገገ። «ራሙ የለም። ስምንት ጂቢ የሚል ቺፕ ነበረ።»

«ፋይል ይቀመጥበታል?»

«ኧረ በፍጹም። ራም ኮምፒውተሩ በርቶ ሲሠራ ብቻ የሚያስብበት ነው፤ ሲጠፋ ባዶ ነው። ፋይሉ ያለው እዚህ፣ ብረት ሳጥን የሚመስለው ሃርድ ድራይቭ ውስጥ ነው። እሱን ማንም አልነካውም።»

«ራሙ እንደጠፋ ለማንም ብትተነፍስ መጀመሪያ የማስረው አንተን ነው። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ገባኝ።»

ሃርድ ድራይቩን የፖሊስ ባለሙያዎች ከፈቱት። ሐናን ኮምፒውተሩን ከመስጠቷ በፊት የራሷን ፋይል በፍላሽ ገልብጣ፣ የራሷን መግቢያ አካውንት ጨርሳ አጥፍታለች። ላፕቶፑ ሐናን የተከራየችበት ቤት የጋራ ስለሆነ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት «ቤት» የሚል መግቢያ ግን እንዳለ ቀርቷል። እሱ ውስጥ የብዙ ሰው ግሪን ካርድና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ፎቶ ተከማችቷል። ከፎቶዎቹ ጋር፣ በእነዚሁ ሰዎች ስም የተሞላ የኮቪድ ሥራ አጥ ድጎማ ማመልከቻ አለ። ሁሉም በዲቪ የመጡ፣ አንድ ጊዜ እዚያ ቤት ያረፉ ሰዎች ናቸው።

የሱልጣና አለቃ ግን ቸኩሏል። «ዛቻ አለ፣ ላፕቶፑን ያመጣችው እሷ ናት፣ የት እንደነበረች የሚመሰክርላት የለም። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ልጅቱን በግድያ እከሳለሁ» አላት።

ቤቱ እዚያው ሊንደን ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጋሼ ጀማነህ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሚስቱ እትዬ ሙሉወርቅ ደግሞ አዲስ መጪዎችን ተቀብላ ታሳርፋለች፣ ፎርም ታስሞላለች፣ ሥራ ታስገባለች። ሰው «የዲቪዎች እናት» ይላታል። ሐናን ምድር ቤት ያለውን ክፍል ተከራይታ የኮምፒውተር ኔትወርኪንግ በኦንላይን ትማራለች፤ ማታ ማታ ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ብቻዋን ቢሮ ታጸዳለች።

ሱልጣና መጀመሪያ ሐናንን ክፍሏ ውስጥ አነጋገረቻት።

«ለምን ዛትሽበት?»

«ፋይል ከፍቶ አየ! ሳያስፈቅደኝ! ‹እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? አንቺ ነሽ ወረቀታቸውን የሰበሰብሽው?› አለኝ። የራሴም ግሪን ካርድ አለበት እኮ! ስጠኝ ስለው ‹መጀመሪያ ፖሊስ ያየዋል› አለ። ፈተና ነበረብኝ፣ ተናደድኩ።»

«የራስሽን አጥፍተሽ የቤቱን ለምን ተውሽው?»

«የእኔ አይደለማ። የሰው ፋይል አልነካም።»

«ሥራ ስትገቢ የሚያይሽ ሰው አለ?»

«ቫኪዩም መጥረጊያው ነው የሚያየኝ።» ሳቅ አይሉት ለቅሶ የሆነ ድምፅ ከአፏ ወጣ። «ይያዙኛል አይደል?»

«ምናልባት» አለች ሱልጣና። ልጅቱን አላባበለቻትም።

ጀማነህና ሙሉወርቅ ወጥ ቤት ነበሩ። ጀማነህ አልተነሳላትም።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ከፍቅሬ ሱቅ ወደዚህ ቤት ስልክ ተደውሏል። ማን አነሳው?»

«እኔ ኒው አልባኒ ያለው መጋዘን በር ላይ የምጭነውን ሎድ እየጠበቅኩ መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነበር» አለ ጀማነህ።

«ማን አይቶዎታል?»

«ተኝቼ ስልሽ! ሰው ጠርቼ ልተኛ እንዴ?»

«እኔ ደግሞ ታች ልብስ ሳጥብ ነበር፤ ማሽኑ ይጮሃል፣ ስልክ አልሰማሁም» አለች ሙሉወርቅ። ወንበር ሳበችላት። «ተቀመጪ እስቲ የኔ ልጅ። ሐናንን እንደ ልጄ ነው የማያት፤ ግን ቁጡ ናት። አሁን ኮምፒውተር ለማያውቁት ሰው እንዲህ ይሰጣል? እኔ ስልኬን እንኳ ለጠጋኝ ስሰጥ ሚሞሪውን አውጥቼ ነው። ስንት የቤተሰብ ፎቶ አለበት!»

«ጎበዝ ነዎት» አለች ሱልጣና። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። «ጋሼ ጀማነህ፣ እርስዎ ኮምፒውተር ይችላሉ?»

«ታዲያ ማን ሊችል ነው? ያ ላፕቶፕ አላሠራ ሲለን ራሙን ገዝቼ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጠጋኝ ጋ ወስዶ መጣል የሰነፍ ሥራ ነው።»

«አንተ ደግሞ ሰውን ሁሉ ሰነፍ ታደርጋለህ!» አለች ሙሉወርቅ ለባሏ እየሳቀች። ሱልጣና አልሳቀችም።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሐናን መስኮቱ ሥር ቆማለች። ውጭ የፖሊስ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ ለማን እንደመጣ የምታውቀው እሷ ብቻ ይመስላታል። ሲሞን በሩ አጠገብ ነው፤ ጀማነህና ሙሉወርቅ ሶፋው ላይ። ሁሉም ጭምብል አድርገዋል፤ በዓይናቸው ግን እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

«ልጅቷን ውሰጃትና ቤቴን ልቀቂልኝ» አለ ጀማነህ።

«የምወስደውን ሳልወስድ አልወጣም። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሚሞሪው ተገኝቷል።»

«ውሸት ነው! ከየት ይገኛል? ሰባብሬ . . .» አለች ሙሉወርቅ። አፏን በጭምብሏ ላይ በእጇ ያዘች።

ሱልጣና አንድ እርምጃ ተጠጋቻት።

«ከላፕቶፑ ውስጥ የሆነ ነገር እንደጠፋ ለማን ነገርኩ?» አለች ሱልጣና። «ሲሞን፣ ተናግረሃል?»

«ለእናቴም አልተናገርኩም!»

«ጋሼ ጀማነህ፣ እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

ጀማነህ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አላውቅም» አለ።

«እንግዲህ ስሙኝ። ገዳዩ ፋይሉን ሊያጠፋ ነው የሄደው። ግን ፋይሉ ያለበትን ሃርድ ድራይቭ ትቶ፣ ምንም የማይቀመጥበትን ራም ይዞ ወጣ። ይህን ስህተት የሚሠራ ማን ነው? ሲሞን እንጀራው ይህ ነው፤ አይሳሳትም። ጋሼ ጀማነህ ራሙን በገዛ እጃቸው ነው የገጠሙት። ሐናን ኔትወርኪንግ ትማራለች፤ የራሷን ፋይል አጥርታ አጥፍታለች። ያኛውም የእሷ ቢሆን ኖሮ አብራ ታጠፋው ነበር፤ ፍቅሬ እጅም ባልደረሰ ነበር።»

«እኔ ያልተማርኩ ስለሆንኩ ነፍሰ ገዳይ ነኝ?» አለች ሙሉወርቅ።

«አልጨረስኩም። ፍቅሬ ከሐናን ጋር ከተጣላ በኋላ መግቢያው የቤቱ መሆኑን አየ። በልጅቱ ላይ በስህተት እንደፈረደ ገባውና ወደዚህ ደወለ። ከደንበኛ ጋር ሲያወራ ሃርድ ድራይቭ አይልም፤ ሲሞን በዚህ ሲጣላው ነው የኖረው። ስልክ ላይ ምን አለዎት? ‹ሁሉም ነገር ሚሞሪው ላይ አለ› ነው ያለው አይደል? እርስዎ የሚያውቁት ሚሞሪ የስልኩን ነው፤ ቀጭን ነገር፣ ላዩ ላይ ጂቢ ተጽፎበት፣ በጥፍር የሚወጣ። ሱቁ ሲደርሱ ላፕቶፑ ተከፍቷል። ስምንት ጂቢ የሚል ቀጭን ነገር አዩ። የብረቱን ሳጥን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ራስዎ ነገሩኝ እኮ፤ ለጠጋኝ ሲሰጡ ሚሞሪውን አውጥተው ነው።»

«የስልኩን ነው ያልኩት!»

«አዎ። ልዩነቱን ባለማወቅዎ ነው የያዝኩዎት። በሩን የከፈተልዎት ስለሚያውቅዎት፣ ጀርባውን የሰጠዎት ደግሞ የዲቪዎች እናት ስለሆኑ ነው። ሃርድ ድራይቩ እኛ ዘንድ ነው፤ አንድ ፎቶ አልጠፋበትም። ራሙን ግን እስካሁን አላየሁትም። የተናገሩት እርስዎ ነዎት።»

ሙሉወርቅ ጭምብሏን ከፊቷ መንጭቃ ጣለችው። ልስላሴዋ አብሮ ሄደ።

«ለመንኩት! አጥፋልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ለልጅቷ ለራሷ እነግራታለሁ› ብሎ ወደ ሥራው ዞረ፣ እንደ ውሻ ቆጠረኝ! እነዚህንስ ማን ተቀበላቸው? ማን አስጠጋቸው? ባዶ እጃቸውን መጥተው አልጋዬን የለቀቅኩላቸው ሰዎች፣ ስማቸውን ብጠቀምበት ምን ይጎድልባቸዋል?»

«ድጎማውን አመልክቼ የከለከሉኝ ለዚህ ነው?» አለች ሐናን። «ሥራ ያጣሁ ጊዜ ‹በስምሽ ተወስዷል› ብለውኝ፣ ያንቺ ጉልበት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ እኮ። ‹አይዞሽ፣ የመንግሥት ስህተት ነው› አልሽኝ።»

«ዝም በይ፣ ውለታ ቢስ!»

ሱልጣና ካቴናውን አጠለቀችላት። ሙሉወርቅ እስከ መኪናው ድረስ እየተሳደበች ሄደች፤ ጎረቤቶች መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው አዩዋት። ሲሞን ቀስ ብሎ ወጣ።

ሐናን በረንዳው ላይ ሱልጣናን ደረሰችባት።

«ፎቶዬን አጥፉልኝ።»

«ማስረጃ ነው፣ አይጠፋም። ዳኛውም ጠበቃውም ያዩታል። ነገ ጠዋት በስምሽ ማንም እንዳይበደር ክሬዲትሽን አስዘጊ፣ የባንክሽን የይለፍ ቃል ሁሉ ቀይሪ።»

«ከዚያ ያበቃል?»

«አያበቃም። ወረቀትሽ አንዴ ከእጅሽ ከወጣ ማን እንደገለበጠው አታውቂም። ዕድሜ ልክሽን መጠበቅ ነው።»

መኪናው ሲሄድ ሐናን ወደ ውስጥ ተመልሳ ሻንጣዋን አወጣች። ጀማነህ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀና ብሎ አያት።

«ያንን ኮምፒውተር ወስደሽ ለሰው ባትሰጪው ኖሮ፣ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«አዎ ጋሼ» አለች ሐናን። «እስከ ዛሬም በስሜ ትበሉ ነበር።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች።