የተጠረገው ግቢ

አኬሎ ያን ቆርቆሮ ኮምፒውተሯ ላይ ስታየው ክው አለች።

ሥራዋ ጋምቤላ ከተማ ምን ያህል እንደሰፋች ከሳተላይት ፎቶ መለካት ነው። የድሮውን ፎቶ ከዘንድሮው ጋር ታስተያያለች፤ ድሮ ያልነበረ ጣሪያ ካየች በቀይ ትከበዋለች። በቀይ የተከበበ ሁሉ «ሕገ ወጥ» ነው፤ ሰኞ ዶዘር ይገባል ተብሏል። ሳምንቱን ሙሉ ስትከብ ከርማ ካርታውን ጠዋት ለአለቃዋ ለአቶ መልአኩ አስረክባለች። ስትከብ ነጥብ እንጂ ቤት መች ታያት! ከባሮ ማዶ፣ ከትልቁ ማንጎ ሥር የሚያብረቀርቀው የጌዴዎን ቤት መሆኑ የገባት አሁን ነው። የምትወደው ጌዴዎን፣ «አግቢኝ» ብሏት እየሳቀች መልስ የነፈገችው።

ወዲያው ደወለችለት።

«ጌዲ፣ ቆርቆሮ መቼ መታህ?»

«ማን ነገረሽ? ድንገት ላሳይሽ ነበር እኮ!» ሳቀ። «የሚያፈስ ሣር ቤት አልገባም አላልሽም?»

«ቀልዴን ነው እኮ!»

«እኔ ደግሞ የምሬን ነው።»

ቤቱማ እናቱ እማማ አባንግ እሱን ወልደው ያሳደጉበት ነው። ግን የሣር ጣሪያ ከሰማይ ሲታይ ከሜዳው ሣር አይለይም፤ በድሮው ፎቶ ላይ ባዶ ቦታ ይመስላል። ጌታ ሆይ! በቀልዷ ቆርቆሮ አስመትታ በእጇ ልታስፈርሰው ነው።

«ሰኞ ሊያፈርሱት ነው፣ ጌዲ። የከበብኩት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ተሰማት።

«እናቴ ግቢዋን እየጠረገች ነው» አለ። «ምን ልበላት?»

ግቢዋን! አኬሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ የድሮውን ፎቶ አጎላችው። ከማንጎው ሥር ነጣ ያለ ክብ ቦታ አለ። የአኙዋክ እናት ግቢዋን በጭቃ ለቅልቃ፣ ጠዋት ማታ ጠርጋ አንዲት ሣር አታበቅልበትም። ሰው የማይኖርበት ሜዳ እንዲህ አይነጣም።

ካርታውን የያዙት ግን አቶ መልአኩ ናቸው። ባለፈው ወር አንዱን ሠራተኛ «ለዘመዱ አዳላ» ብለው አባርረዋል። ቢሆንም ወደ ጠረጴዛዋ ጠራቻቸው።

«ተሳስቻለሁ፣ አቶ መልአኩ። ይህን ነጣ ያለ ክብ ይዩልኝ፤ የተጠረገ ግቢ ነው። ሣር ቤቶቹን ሁሉ ባዶ መሬት ብዬአለሁ።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ የማን ቤት ነው?»

አላውቅም ማለት ትችል ነበር።

«የማገባው ሰው ቤት ነው።»

አፍጥጠው አዩዋት። ለካ እውነት መናገርም እንዲህ ያስፈራል!

«እንግዲያው ከአሁን በኋላ አንቺ ካርታውን አትነኪውም» አሉ። «ነገ ሌላ ሰው ይዤ ነጩን ቦታ ሁሉ በዓይኔ አያለሁ። እስከዚያ ዶዘሩ ይቁም። የአንቺን ነገር ስመለስ እንነጋገራለን።»

ወጡ። አኬሎ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

«አኬሎ?» አለ ከጠረጴዛው ላይ ድምፅ። ስልኩን አልዘጋችውም ነበር። «ሰማሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«የማገባው ሰው ያልሽውን።»

ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ገና እየፈራሁ ነው፣ ጌዲ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ነይ፣ አብረን እንፍራ።»