ከስክሪኑ ጥግ የቀረችው ፎቶ

የዓይን ክሊኒኩ ፎቶ አንሺ ሬሳ የተገኘው ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የታካሚዎችን የዓይን ነርቭ ከምታነሣበት ማሽን ሥር ነው። ግንባሯን የጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ፈንክቶታል።

በዚያ ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ የነበሩት ሐኪሙ፣ መነጽር ሠሪውና የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ብቻ ናቸው። ፖሊሱ ትናንት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ የተሰማውን መነጽር ሠሪ በካቴና አስሮት ቆየ።

መርማሪዋ አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል።

«እትዬ፣ እኔ ዝንብ አልገደልኩም!» አለ መነጽር ሠሪው። ከወፍራሙ መስታወት ኋላ ዓይኖቹ ሎሚ አክለዋል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ለእናቴ መነጽር ሥራላት አለችኝ። በሐኪሙ ቢላ ዓይኗ ለጠፋ ሴት ምን ልሥራ? ይኸው ነው ጠቤ።»

ማሽኑ ውስጥ፣ ከስክሪኑ ግራ ጥግ፣ ምስር የምታህል ስም የለሽ የዓይን ነርቭ ፎቶ ቀርታለች፤ የተነሣችው አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። መርማሪዋ አጉልታ ሐኪሙን ጠራችው። ከመነጽሩ ኋላ ዓይኖቹ አተር አክለዋል። ሲመጣ በጎኑ የነበረውን የቆሻሻ ቅርጫት በእግሩ ደፋው።

«ዶክተር፣ ይህ የምን ዓይነት ሰው ዓይን ነው?»

«የቅርቡን የማያይ ሰው። እንዲህ የሚያዘነብለው የእነሱ ነርቭ ነው» አለና ወደ መነጽር ሠሪው አየ።

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ብቅ አለች። «ዶክተር፣ ለቀዶ ጥገና የመጣችው ሴት አልጋ ላይ ናት። ልመልሳት?»

«ለምን? ሰው ሞተ ብለን ሥራ እንፍታ? መጣሁ በያት።»

«ማንም አይወጣም» አለች መርማሪዋ።

ሬሳ ሊቀበሉ የመጡት የሟች እናት በካርድ ክፍሏ ሴትዮ እጅ ተመርተው ገቡ። ሁሉም ሲቀመጥ፣ መርማሪዋ ሟች ለታካሚዎች ማብራሪያ እንዲሆን በእርሳስ ሥላ የለጠፈችውን ወረቀት ከግድግዳው ነቀለች።

«ሟች ሁለት ዓይን ሥላለች። አጭሩ የቅርቡን የማያየው ነው፤ የነርቩ ራስ ብዙ ጊዜ ትንሽና የተጨናነቀ ክብ ነው። ረጅሙ የሩቁን የማያየው ነው፤ ዓይኑ ወደ ኋላ ስለተለጠጠ የነርቩ ራስ ያዘነብላል፣ ጎኑ ላይም ነጭ ማጭድ መሳይ ይወጣል። ፎቶው ማጭድ አለው። ዶክተር፣ ገልብጠው ነገሩኝ።»

«በድንጋጤ ነዋ!»

«ለሥራ ያልደነገጡ ሰውዬ? ካርድ ክፍሏ መነጽር አታደርግም። የመነጽር ሠሪው መነጽር ዓይን ያጎላል፤ የቅርቡን ለማያይ ነው። የእርስዎ ያሳንሳል፤ የሩቁን ለማያይ ነው። የቀኝ ዓይንዎን ፎቶ ከማሽኑ ሰርዘዋል፤ የግራ ዓይንዎ ፎቶ ግን የስክሪኑ ጥግ ላይ ስለሆነ አልታየዎትም። ቅርጫቱም አልታየዎትም። ሟች ከሥዕሉ ግርጌ ጽፋለች፦ ነርቩ መሃሉ ሲጎደጎድ የጎን እይታ ይጠፋል። ይኸው ጎድጉዷል! ቢላ አይያዙ አለችዎ፤ ገፈተሯት።»

«ሐሰት! ዓይኔ ደህና ነው!»

ፖሊሱ የመነጽር ሠሪውን ካቴና ፈትቶ፣ በሐኪሙ ጎን ቆሞ ዘረጋለት። ሐኪሙ ዞር አላለም። ብረቱ እጁን ሲነካው ብርግግ አለ።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!» አለ መነጽር ሠሪው፣ አንጓውን እያሸ።

እናትየው የሐኪሙ ድምፅ ወደመጣበት ዞሩ።

«እግዜርን ለምኜ፣ እጅህን አምኜ ነው የተኛሁልህ። እኔን ስትቆርጥ ዓይንህ እንደማያይ ታውቅ ነበር?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ልጄስ ጠይቃህ ነው የሞተችው» አሉ።

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ታካሚዋን ከአልጋው ልታወርድ ሮጠች።