የሃያ አራተኛው አልጋ ሙቀት

ሃያ አራተኛው አልጋ ዛሬም ሞቆ ነበር።

ዘርፌ እጇን ከሽፋኑ ላይ አንስታ ወደ ሌላ ሥራዋ አለፈች። ሰመረት በተባለችው መንኮራኩር ላይ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልተኛበት አልጋ መሞቁ የሚያስገርም ነገር አልነበረም። መሐንዲሶቹ በየጉዞው መጀመሪያ "ሃያ አራት ቁጥር፣ ያለ ሰው ይሞቃል" ብለው የብልሽት መዝገብ ላይ ይጽፉታል። በየጉዞው መጨረሻ ደግሞ "ምክንያቱ አልታወቀም" ብለው ይዘጉታል። ሁሉም ለምዶታል። ያልለመደችው ዘርፌ ብቻ ነች።

ልጆቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ወላጆቻቸው ማርስ ላይ ሊሰፍሩ የሚሄዱ፣ ትንሹ የሁለት ዓመት፣ ትልቁ የአሥር። መቶ ሰባ ቀን ሙሉ በመስኮት ጨለማ ብቻ የሚያዩ ሕፃናትን ሳይከፉና ሳይሰለቹ ማድረስ የዘርፌና የአባባዩ ሥራ ነው። አባባይ የሚሉት በግድግዳውና በአልጋዎቹ ውስጥ የሚኖረውን አስተዋይ መሣሪያ ነው። የእያንዳንዱን ልጅ የልብ ምት በፍራሹ በኩል ያዳምጣል። የበረደውን ያሞቃል፣ ጆሮው ለተደፈነበት አየሩን ቀስ አድርጎ ያስተካክልለታል፣ ሆዱ የተገለበጠበትን እንደታዘለ ልጅ ያወዛውዘዋል። በትራሱ ውስጥ ሆኖ ለያንዳንዱ ልጅ ጆሮ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተረት ያወራል፣ ይዘፍናል፣ እንቆቅልሽ ይጫወታል።

ልጆቹ ከሁሉም የሚወዱት እንቆቅልሹን ነው፤ ምክንያቱም አገር መስጠት አለበት። መልሱን ያጣ ልጅ "አገር ስጠኝ" ይባላል። ሐረርን ወይም ጎንደርን ይሰጣል፤ ያሸነፈው የተሰጠውን አገር ገብቶ በላሁበት ጠጣሁበት ብሎ ከፎከረ በኋላ መልሱን ይናገራል። አገር ሳይሰጡ መልስ የለም። የሰመረት ልጆች በአምስት ወር ውስጥ የምድርን ከተማ ሁሉ ሰጥተው ጨርሰዋል። የሰው አገር ለመስጠት ማን ይሰስታል።

ዘርፌ ግን እንቆቅልሽ አትጫወትም። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ አይጠይቋትም።

ነገሩ የተበላሸው በመቶ ስድሳ ሰባተኛው ቀን፣ ፍሬን ሊያዝ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ፍሬን የሚሉት መንኮራኩሯ ማርስ አጠገብ ስትደርስ ፍጥነቷን የምትቀንስበትን አሥራ አራት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ የሰው ክብደት ሦስት እጥፍ ይሆናል። አዋቂዎቹ መድኃኒት ይወስዳሉ። የልጅ ልብ ግን መድኃኒቱን ስለማይችል፣ አባባዩ በሙቀት፣ በተረትና በትንፋሽ ምታቸውን ዝቅ አድርጎ ያስተኛቸዋል። ያልተኛ ልጅ ልቡ ሊደክም ይችላል። ይህን ዘርፌ ከማንም የበለጠ ታውቃለች።

በዚያ ቀን አባባዩ ተረቱንም ዘፈኑንም ተወ። በሦስተኛው ቀን ከልጆቹ አንዱም አልተኛም። ትንንሾቹ አለቀሱ፣ ትልልቆቹ ተጣሉ፣ ከዚያም ሁሉም ደክመው ዓይናቸውን አፍጥጠው ተጋደሙ።

"እትዬ ዘርፌ፣ ያው ነው" አለ መሐንዲሱ ኩምሳ ከግድግዳው ሥር ተንበርክኮ። ከልጅነቱ ያልወጣ፣ ጥፍሩን የሚበላ ወጣት ነው። "ተረት ቢሉት እንቆቅልሽ፣ ዘፈን ቢሉት እንቆቅልሽ። አንድ እንቆቅልሽ ላይ ተቸክሎ ቀረ። አገር ሲሰጡት ደግሞ አይቀበልም።"

"ምን ይሻላል?"

"ትዝታውን በሙሉ ደምስሼ ባዶውን አስነሳዋለሁ። ያ ያስተኛቸዋል። ግን ልጆቹን አያውቃቸውም። ማን በምን እንደሚረጋጋ ከሀ ይጀምራል። ሁለት ሦስቱ ላይተኙ ይችላሉ።"

"ካልደመሰስከውስ?"

"እንዲህ ከቀጠለ አንዱም አይተኛም። ስድስት ሰዓት ነው የቀረን።"

"እንግዲያው ደምስሰው" አለች ዘርፌ።

ኩምሳ ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ፈጥና ትፈርዳለች ብሎ አልጠበቀም። ዘርፌ ግን ለልጆቹ ብቻ ብላ አልነበረም የተናገረችው። አሥራ አንድ ዓመት ሌሎች መንኮራኩሮች ላይ ስትሠራ ሰመረትን ረግጣ አታውቅም። አሁንም የመጣችው የተመደበችው ሞግዚት ሊነሱ አራት ቀን ሲቀር እግሯን ስለሰበረች ነው። ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ ይህ ግድግዳ ምን እንደሚያስታውስ ትፈራ ነበር። ቢደመሰስ እፎይ ትላለች።

ኩምሳ መሣሪያውን ሊያመጣ ወጣ። ዘርፌ በአልጋዎቹ መካከል ስታልፍ ሩሃማ ቀሚሷን ያዘቻት። ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ያልገባትን ነገር አትለቅም።

"እቴቴ ዘርፌ፣ አንቺ ታውቂው ይሆናል።"

"ምኑን?"

"እንቆቅልሹን። 'ስሄድ ትቀራለች፣ ስቀር ትሄዳለች' ይላል። ጥላ ናት አልኩት፣ አይደለችም አለኝ። ኢየሩሳሌምን ሰጠሁት። 'ካንቺ አልቀበልም፣ አገሩን የምትሰጠኝ ሌላ ሰው ናት' አለኝ። ማን ናት?"

ዘርፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በዚህችው መንኮራኩር የተጓዘች ልጅ ነበረች፤ ምንታምር ትባል ነበር። ሰባት ዓመቷ ነበር። ካልሲዋን እግሯ ላይ ሳይሆን እጇ ላይ አድርጋ በመንኮራኩሯ መተላለፊያ የምትሮጥ፣ በሰው ሁሉ የምታሾፍ ልጅ ነበረች። በዚያ ጉዞ በመቶ ስድሳ ሰባተኛው ቀን ሃያ አራተኛው አልጋ ላይ ተጋድማ ዘርፌን "እንቆቅልሽ" አለቻት። ያው ስሄድ ትቀራለች የሚለው ነው፤ ራሷ የፈጠረችው ነበር። ዘርፌ መልሱን አጣችና አክሱምን ሰጠቻት። አልቀበልም አለች። ፓሪስንም፣ ባህር ዳርንም አልፈልግም አለች።

"የራስሽን ስጪኝ፣ የተወለድሽበትን።"

ዘርፌ የተወለደችው ዶቅማ ውኃ በምትባል መንደር ነው። ምንጩ ከደረቀ በኋላ ሰዉ ተበትኖ፣ ስሟን የምታነሳ ዘርፌ ብቻ ቀርታለች። ጨዋታ መሆኑን እያወቀች ሳሳች። "ነገ እሰጥሻለሁ፣ አሁን ተኚ" አለቻት። በማግስቱ ሥራ በዛ፣ በሦስተኛው ቀን ፍሬኑ ተያዘ። ሲለቀቅ ሃያ ሦስት ልጆች ነቁ።

ሐኪሙ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ችግር እንደነበረ፣ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ተናገረ። ዘርፌ አላመነችውም። ልጅቷ ያልተጨረሰ ጨዋታ ሆዷ ውስጥ ይዛ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ ነገን ስትጠብቅ እንደሞተች እርግጠኛ ነበረች። ለማንም አልተናገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ሌላ መንኮራኩር ላይ ሆና የሌላ ሰው ልጅ እያባበለች መልሱን ትፈልግ ነበር። መንገድ ናት? ነፍስ ናት? ባገኘችው መልስ ሁሉ ውስጥ ራሷን ስትከሰስ ታገኝ ነበር።

አሁን ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ኩምሳ ይመጣል፣ ይደመስሳል፣ ያበቃል። ፈራች፤ እጅግ ፈራች። ግን ሩሃማ ፊቷ ላይ ዓይኗን ተክላ መልስ ትጠብቃለች፤ ከኋላዋም ሃያ ሁለት ያልተኙ ልጆች አሉ።

ኩምሳ ሲመለስ እጁን ያዘችው። "አንድ ሰዓት ስጠኝ።"

"እትዬ ዘርፌ፣ ሰዓቱ እኮ..."

"ግማሽ ይሁን።"

ሃያ አራተኛው አልጋ ለልጅ የተሠራ ነው። ጉልበቷን አጥፋ ተጋደመችና ጆሮዋን ትራሱ ላይ አደረገች። ሙቀቱ በልብሷ አልፎ ጎኗ ደረሰ።

"እንቆቅልሽ" አላት አባባዩ፣ ቀስ ብሎ።

"ምን አውቅልህ።"

"ስሄድ ትቀራለች፣ ስቀር ትሄዳለች።"

"አላውቀውም። አሥራ አንድ ዓመት አሰብኩበት፣ አላውቀውም።"

"አገር ስጪኝ።"

"ዶቅማ ውኃን ሰጠሁህ። ከነምንጩ። ከምንጩ ዳር ካለው፣ ፍሬው ሲበስል ምላስ ከሚያጠቁረው የዶቅማ ዛፍ ጋር። ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች ጋር፣ አባቴ ከሠራው ጠማማ አጥር ጋር። ሌላ የሚያውቀው የለም። እንካ፣ ያንተ ነው። የእሷ ነው።"

"ዶቅማ ውኃ ገባሁበት" አለ አባባዩ። "ከምንጩ ጠጣሁበት፣ ከፍሬው በላሁበት።" ከዚያ የአባባዩ ድምፅ ቀረና ሌላ ድምፅ መጣ፤ የሕፃን ሹክሹክታ፣ ሳቅ የሚያፍነው።

"መልሱን ለአንተ ብቻ ልንገርህ። እሷ ናት! እቴቴ ዘርፌ ናት። እኛ ወርደን ስንሄድ እሷ እዚህ ትቀራለች። እኛ ማርስ ስንቀር እሷ ወደ ምድር ትሄዳለች። ሞኝ፣ ራሷን አታውቅም። አገሯን ሳትሰጥህ እንዳትነግራት፣ እሺ?" ረዥም ማዛጋት ተሰማ። "ነገ ትሰጠኛለች። አሁን ልተኛ።"

ከዚያ በኋላ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ እየረዘመ የሚሄድ፣ የተኛ ልጅ ትንፋሽ።

"ይህን የነገረችህ መቼ ነው?" አለች ዘርፌ።

"ፍሬኑ ሲያዝ። ወዲያው ተኛች። ልቧ ሲቆምም ተኝታ ነበር።"

ዘርፌ አለቀሰች። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት መርዝ ነው ብላ የፈራችው ብስሉ ፍሬ ነበር። ሐኪም ያላሳመናትን አንድ ማዛጋት አሳመናት። ስታለቅስ ከጎኗ ያለው ሙቀት ቀስ እያለ ይቀንስ ጀመር። ተነስታ መዳፏን ፍራሹ ላይ ስታደርግ ቀዝቅዞ አገኘችው። ሊመለስ የማይችል ነገር እንደሄደ ገባትና ለአንድ አፍታ አገሩን ባልሰጠሁ ብላ ተመኘች።

በዚያው ሰዓት በሃያ ሦስቱ ትራሶች ውስጥ ተረት ተጀመረ። ሩሃማ መጀመሪያ ተኛች።

ኩምሳ የአባባዩን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ደጋግሞ አየ። "ሁልጊዜ የልጆቹን ቁጥር ሃያ አራት ነበር የሚለው" አለ። "አሁን ሃያ ሦስት አለ። ምን አደረግሽው?"

ነገረችው። ኩምሳ ጥፍሩን እየበላ ሰማት። "የልጆቹን ትዝታ በየጉዞው እናጠፋለን፣ ደንቡ ነው" አለ። "የሚጠፋው ግን ልጁ ሲወርድ ነው። እሷ መውረዷን ማንም አልመዘገበም። አባባዩ ደግሞ የታዘዘው ልጆቹ እስኪወርዱ ምቾታቸውን እንዲጠብቅ ነው። ያንን ነው ሲሠራ የኖረው፤ እንቆቅልሿንም አንቺ እስክትገቢ ይዞ ጠበቀ።"

እኛ ቀበርናት፣ አለች ዘርፌ በሆዷ። ለቅሶ ተቀመጥን፣ ሪፖርት ጻፍን፣ አልጋዋን ዘጋን፣ ሙቀቷንም ብልሽት ብለን መዘገብን። ብርድ እንዳይነካት የጠበቃት ልብ የሌለው ነው። ይህ አሳፈራት፤ ደግሞም አጽናናት።

ፍሬኑ ተያዘ፣ ተለቀቀ። ሃያ ሦስቱም ነቁ።

በመውረጃው ቀን ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይዘው ሳይሰናበቱ ሮጡ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ሩሃማ ብቻ ዘጠነኛው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ ማሰሪያ ጋር ስትታገል ቀረች።

"መልሱን አገኘሽው አይደል?" አለች ቀና ሳትል።

"አገኘሁት።"

"ምንድን ነው?"

"አገር ስጪኝ።"

ሩሃማ አሰበች። የምድርን ሁሉ ሰጥታ ጨርሳለች። በመስኮቱ ቀዩን ሜዳና ገና ያልገባችበትን ቤት አየች። የቀራት እሱ ብቻ ነበር። "ይህንን አልሰጥም" አለች ፊቷን ቅጭም አድርጋ። "ገና አላየሁትማ። ሌላ ጊዜ ስትመጪ እሰጥሻለሁ።"

ዘርፌ ልትቆጣት፣ ልትለምናት፣ ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የጫማዋን ማሰሪያ አሰረችላትና "እሺ፣ እጠብቃለሁ" አለቻት። ልጅቷ ወረደች፤ ዘርፌ ቀረች።

በመልሱ ጉዞ በስምንተኛው ቀን ክፍሉ ባዶ ነበር። ኩምሳ የሃያ ሦስቱንም ልጆች ትዝታ በደንቡ መሠረት አጥፍቷል። ዘርፌ ብቻዋን ስትዞር እጇን ከልማዷ የተነሳ ሃያ አራተኛው አልጋ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ወደ ዘጠነኛው ሄደች፣ ለምን እንደሄደች ራሷም አታውቅም።

ሞቆ ነበር።

የብልሽት መዝገቡን ከግድግዳው ላይ አወረደች፣ ከፈተችው፣ ጥቂት አየችው። ከዚያም ምንም ሳትጽፍ መልሳ ሰቀለችውና የሩሃማን ብርድ ልብስ አስተካከለች።