ለስመኝ ክልክል

ስመኝ ጠዋት ቢሮ ስትደርስ፣ የግቢው በር ምሰሶ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር በጣቷ ነካ አድርጋ ታልፋለች። የቦታው ከፍታ ነው፤ ሕንፃው ሲሠራ ለክቶ የጻፈው ወንድሟ ምትኩ ነው። ፎቅ ወጥታ ካፖርቷን ሳታወልቅ የማሽኑን ክፍል ትከፍትና ታዳምጣለች። ክፍሉ ድሮ የባልዲና የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነበር፤ አሁን የቢሮው ሰርቨር ብቻውን ተቀምጦበታል፣ የማራገቢያው ወጥ ድምፅም ደህና ማደሩን ይነግራታል። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ብራውዘሯን ትከፍትና ወደ ማስተዳደሪያው ገጽ ትገባለች።

ገጹ ላይ የቢሮው ፎልደሮች ተደርድረዋል። በየፎልደሩ ሥር የሰዎች ስም አለ፣ ከየስሙ ፊት ደግሞ ምልክት፤ ይህ ማንበብ ይችላል፣ ይህ መጻፍም ይችላል፣ ይህ ክልክል ነው። ገጹ እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምታነበው። ክልክል የተባለ ሰው ፎልደሩን መክፈት ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም። ሁሉንም የምታየው አስተዳዳሪዋ ስመኝ ብቻ ናት። ምትኩ በዚህ ይስቅባታል። «እታለም በረኛዋ» ይላታል፣ «እስቲ ዛሬ ደግሞ ማንን አላስገባም አልሽ?»

ምትኩ የዚያው ቢሮ ቀያሽ ነው። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሱ ሌላ ዘመዴ የምትለው ሰው የላትም። ክረምቱ ሲገባ ለአንድ ድልድይ ሥራ የወንዝ ዳር መሬት ሊለካ ወደ ቆላ ወረደ። ሲሰናበታት፣ ሲሰናበታት ፋይል ስልክልሽ እንደ ስልክ ቁጠሪው» አለና በገዛ ቃሉ ሳቀ። ሳቁ ደረጃው ላይ ሲወርድ ትሰማው ነበር።

ይልክም ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ጣሪያ ሁሉ ሲውጥ፣ መብራት ጠፍቶ ለማሽኖቹ ብቻ የሚበቃው የግቢው ጀነሬተር ማጓራት ሲጀምር፣ ቢሮው ውስጥም ከኮምፒውተሮቹ ብርሃን በቀር የሚታይ ነገር ሲጠፋ፣ «አሁን የገቡ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የምትኩ ስም ብቅ ይላል። ጥቂት ይቆይና ይጠፋል፤ በፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል ትቶ። ያን ፎልደር ከሁለቱ በቀር ማንም አያየውም፤ ምትኩ ያላጣራውን ቁጥር ለሰው ማሳየት አይወድም። ስመኝ ስሙን ስታይ ትከሻዋ ይላላል፣ የቀዘቀዘውን ሻይዋንም ታነሣለች።

ፋይሉን የመክፈት ልማድ አልነበራትም፤ ያስከፈታት ናፍቆት ነው። ውስጡ ቁጥር በቁጥር ነው፣ የመጨረሻው ረድፍ የመሬቱ ከፍታ። መጀመሪያ የመንገዱ ዳር ነበር፣ በማግስቱ የወንዙ አፋፍ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ በየቀኑ እያነሰ ሄደ፤ ከውሃው በታች ወረደ፣ ከአሸዋውም በታች ወረደ። መሣሪያው ተበላሽቶበት ይሆናል ብላ ዘጋችው። በዚያው ሰሞን የማሽኑ ክፍል መሽተት ጀመረ። የሞቀ ሽቦ ሽታ አልነበረም፤ የደለል ሽታ ነው፣ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ሜዳ ላይ የሚቀረው፣ ሳርና ሥር የበሰበሰበት ጭቃ። የዝናብ ውሃ ገብቶ ይሆናል ብላ ጣሪያውን አየች፣ ወለሉንም ተንበርክካ በእጇ ዳበሰች። ደረቅ ነበር።

የቢሮው ሰዎችም ተለወጡባት። ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ንድፍ የምትሠራው ረድኤት ዓይኗን ከዓይኗ ታሸሻለች፤ አንድ ቀን ያለምክንያት እቅፍ አድርጋት ሮጣ ወጣች። ደግ ቃል ከአፋቸው የማይወጣው ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ልሣኑ ጠረጴዛዋ ድረስ መጥተው ቆሙ።

«ስመኝ፣ ምሳ በላሽ እንዴ?»

«በልቻለሁ፣ ጋሽ ልሣኑ። ምነው?»

«አይ፣ ምንም። መብላት ጥሩ ነው።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ገጹ ላይ እሷ ያልፈጠረችው ፎልደር አየች። ስሙ «ፎቶ» ይላል፤ የፈጠረችው ረድኤት ናት። ለቢሮው ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ ክልክል የሚለው ከአንድ ስም ፊት ብቻ ነው፣ ከስመኝ። ምስኪን ረድኤት፣ በረኛዋ ላይ በር ስትዘጋ በረኛዋ ከውስጥ ቆማ እንደምታያት አላሰበችም። አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ክልክሉን ለማንሣት ይበቃ ነበር። ጣቷ ግን ማውዙ ላይ ደርቆ ቀረ። ሰው ሁሉ አውቆት ከአንድ ሰው ብቻ የሚደበቅ ነገር ምን እንደሆነ በዚህ አገር ተወልዶ የማያውቅ የለም። ልቧ አወቀ፣ እሷ ግን እንዳላወቀች ሆና ተቀመጠች። ወዲያው የምትኩ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ብቅ አለ።

«እሰይ!» አለች ጮክ ብላ። ፎልደሩን ሳትከፍት ገጹን ዘጋችው፤ ያን ሌሊትም ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ጎሕ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ጋሽ ልሣኑ፣ ረድኤትና የሰፈሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጉሙ ውስጥ ቆመዋል። ማንም ገና አፉን ሳይከፍት መርዶ መሆኑን አወቀች። ምትኩን ጎርፍ የወሰደው ቆላ በወረደበት ዕለት ነው፣ መሣሪያውን እንኳ ሳይተክል። አስከሬኑ እስኪገኝ ድረስ ደበቋት። ትናንት ከደለል ውስጥ ወጣ፤ የላፕቶፑ ቦርሳ ከትከሻው አልወረደም ነበር።

«ትናንት እኮ ልኮልኛል!» አለች ስመኝ። «በየቀኑ ነው የሚልክልኝ! ስሙን አይቻለሁ እያልኳችሁ!»

ሐዘን ነው የሚያስቀባዥራት ብለው ደግፈው አስቀመጧት። በኋላ፣ ድምፅዋ ሲያልቅ፣ «ለምን ደበቃችሁኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ልሣኑ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። «ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚ ብለን ነው፣ ልጄ። መርዶ ለብቻ አይሰማም።»

ድንኳኑ ውስጥ የምትኩ ፎቶ ጥቁር ሪባን ታስሮበት ተሰቅሎ ነበር። ረድኤት ከዚያ ፎልደር ውስጥ ያዘጋጀችው ይህንን ነበር። ስመኝ እያየችው ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ እንደ ወጉ ሁሉ አለቀሰች፤ ምንም አልወጣላትም።

ከሐዘን ወጥታ ቢሮ ስትመለስ ማንም ዓይኑን አላሸሸባትም፤ የሚደብቋት ነገር አልቋል። ጋሽ ልሣኑ ከምሳ በኋላ ቀስ ብለው፣ «ስሙን ከሰርቨሩ አውጪው፤ ስትችዪ» አሏት። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። ጀነሬተሩ ያጓራል። ገጹን ከፈተችና «አሁን የገቡ» የሚለውን አየች።

ምትኩ ገብቷል።

ፎልደሩን ከፈተች፤ እሷ ሐዘን ላይ በተቀመጠችባቸው ቀናት ሁሉ ፋይል ሲልክ ቆይቷል። ከፍታው መውረዱን ትቶ መውጣት ጀምሯል፤ መጀመሪያ ቆላው፣ ከዚያ ዳገቱ፣ ከዚያ የመኪናው መንገድ። የዛሬው ቁጥር የግቢው በር ምሰሶ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ነው።

ከፍርሃቱ እንባዋ ቀደመ። ልጁ ሥራ ላይ ነው። መሞቱ አልተነገረውም! እሷን አቅፈው ነገሯት፣ ድንኳን ተተከለ፣ ተለቀሰ፣ ለእሱ ግን የነገረው ሰው የለም። ያ «ፎቶ» የሚባለው ፎልደር ደግሞ ለቢሮው ሰው ሁሉ ክፍት ነው፣ ለምትኩም። ሲልክ ሲልክ አንድ ቀን ቢከፍተው የራሱን ፊት ከነጥቁር ሪባኑ ሊያይ ነው። እንደዚያ ይስማ? በፎቶ? ብቻውን፣ ጨለማ ውስጥ ሆኖ?

ስለዚህ እነሱ ያደረጉላትን አደረገችለት። ከስሟ ፊት ክልክሉን አነሣችና ከምትኩ ስም ፊት አኖረችው። ስሙን አላወጣችውም። አስቀምጥ የሚለውን ተጫነች።

«አይዞህ፣ የኔ ዓለም» አለች በሹክሹክታ፣ «እኔ አጠገብህ እስክሆን ምንም አትሰማም።»

የማሽኑ ክፍል ማራገቢያ ዝግ አለ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ ሰው ያለ ይመስል። የደለሉ ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ እግሯ ድረስ መጣ። ማዶ ረድኤትና ሌሎቹ እየሳቁ ያወሩ ነበር፤ የሚያውቁት ነገር የለም። ዓይኗን ከገጹ ላይ አላነሣችም። ምትኩ ገና አልወጣም። ጥቂት ቆይቶ ገጹ በራሱ ጊዜ ታደሰ፣ ከዝርዝሩ ግርጌም አዲስ ፎልደር ተጨመረ።

ስሙ «ፎቶ» ነው። የፈጠረው ምትኩ ነው። ለሁሉም ሰው ክፍት ነው፤ ክልክል የሚለው ከስመኝ ስም ፊት ብቻ ነው።

ማን ሞቶብኝ ነው ብላ ልታስብ ሞከረች፤ ከምትኩ በቀር የሚሞትባት ሰው አልነበራትም፤ የቀረችው ራሷ ናት።