ከቋጠሮው የተረፈ ስንዝር

አናጢው ሞቶ የተገኘው ረፋዱ ላይ ነው። በእጁ የሠራት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ሐይቁ መሀል በጎኗ ተጋድማ፣ እሱ ከሥሯ በብርቱካንማ ሸራ ተጠቅልሎ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ዋና አሳምሮ ያውቃል። ሸራው አሮጌ ነው፣ ከተገዛ ግን ገና ሦስተኛ ቀኑ።

መርማሪዋ ስትደርስ ጀልባዋ ተጎትታ ዳር ወጥታለች። መርማሪዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ጥያቄዋ አያልቅማ! ስለ ጀልባ የምታውቀው እንደሚንሳፈፍ ብቻ ነው። ደግነቱ፣ እንደማታውቅ ታውቃለች።

ተንበርክካ ገመዶቹን ተከተለች። ከብርቱካንማው ሸራ ሁለት ማዕዘኖች የሚነሱ ሁለት ገመዶች፣ በጀልባዋ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ሄደው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ መዘውር ውስጥ ያልፋሉ። የሁለቱም ጫፍ ተቋጥሯል። አንደኛው ቋጠሮ መዘውሩ አፍ ላይ ተሰንቅሮ አልላቀቅ ብሏል። ከቋጠሮው የተረፈውን ጭራ በስንዝሯ ለካችው፤ ከስንዝሯ ትንሽ ያንሳል። ሁለተኛውንም ለካች።

«እኩል ናቸው» አለች ለራሷ።

ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ በአናጢ እርሳስ የተጻፈ እርጥብ ወረቀት ወጣ። አንብባ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

ይኼኔ ሚስቱ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች።

«ገዳዩን ሌላ ቦታ አይፈልጉ! የገዛ ወንድሙ ነው! ከትናንት ወዲያ ሸራ ሰፊው ቤት ሲጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ያንን ቡትቶ የመረጠውም እሱ፣ ያሰረውም እሱ! ነገ በቀብሩ ላይ ሬሳውን ቢነካ እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የአውቶቡስ መካኒኩ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሬሳውን ከውኃ ያወጣው እሱ ነው። የተባለውን ሁሉ ሰምቶ ቀና አላለም። ምስኪን! ከዚህ በኋላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሙን በትከሻው ተሸክሞ መሸኘት።

ሸራ ሰፊው ሽማግሌ መርማሪዋን በጨርቅ ክምር መሀል ተቀበላት።

«ሦስት አሮጌ ስፒናከር ነበረኝ፣ ልጄ።»

«ስፒናከር ምንድን ነው አባባ?»

«ነፋሱ ከኋላ ሲመጣልሽ ከፊት የምትሰቅዪው፣ ሆዱን ነፍቶ የሚጎትት ስስ ሸራ። ታናሽየው ሦስቱንም መስኮቱ ላይ እየዘረጋ በብርሃን አያቸው፤ ቀዳዳ ፍለጋ። ጨርቁን በሁለት አውራ ጣቱ ወጠረ። ማዕዘኖቹን ጎተተ። አዲስ የሚመስለውን 'ይኼ ለጀልባዋ ትልቅ ነው፣ ይገለብጣታል' ብሎ ጣለው። ለምሰሶዋ ልክ የሆነውን መረጠ። እንደሱ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም።»

«ታዲያ ጩኸቱ ለምን ነበር?»

ሽማግሌው መርፌውን አስቀመጠ።

«ስለ ገመዱ ነዋ። የሌላው ሸራ ገመድ ሾልኮ እንዳያመልጥሽ ጫፉን ትቋጥሪያለሽ። የዚህኛው ግን አይቋጠርም! ነፋስ ካየለብሽ ትለቂዋለሽ፤ ሾልኮ ይወጣል፣ ሸራው በባዶ ይውለበለባል፣ አንቺ ትተርፊያለሽ። ታላቅየው ይህንኑ አራቴ ጠየቀ። ሰሞኑን መርሳት ጀምሮት ነበር። በመጨረሻ ታናሽየው 'አትቋጥር አልኩህ እኮ!' ብሎ ጮኸ። ከዚያ እዚሁ በር ላይ ወጥቶ አለቀሰ። አንጀቴን በላው።»

መካኒኩን ጋራዡ ውስጥ አገኘችው። ሥራ አልያዘም፤ ዝም ብሎ ቆሟል።

«ገመዱን ማን ቋጠረው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ተሳሳትኩ።»

«'አትቋጥር' ብለው የጮኹት ሰውዬ?»

«የኔ ነው አልኩዎት እኮ እትዬ! ይጻፉትና እንገላገል።»

አልጻፈችም። ይልቅ ቁራጭ ገመድ ሰጥታ «እስቲ ይቋጥሩልኝ» አለችው። ቋጠረ፤ ጥብቅ፣ ጭራው አንድ ጣት የማይሞላ። ገመዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አመስግናው ወጣች።

የአናጢው አንድያ ልጅ በአባቷ የእንጨት መሥሪያ ክፍል ውስጥ፣ ፍቅፋቂ እንጨት መሀል ተቀምጣለች። አስተማሪ ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር በሸራ ትሄድ ነበር።

«ጠዋት አብራችሁ ነበራችሁ?»

«ቁርስ በልተን፣ እሱ ኮፍያውን ሲፈልግ እኔ ምሳውን ይዤ ቀድሜ ጀልባዋ ጋ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ሥራዬ።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ገመዱ አምልጦት ነው?»

«አላመለጠውም። ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው።»

ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ተመስገን» አለች።

ያቺ «ተመስገን» መርማሪዋን ወጋቻት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ ሁሉንም እዚያው የአናጢው መሥሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱ ለመካኒኩ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሽማግሌው በርሜል ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ የአባቷን መላጊያ ታቅፋለች። ጠረጴዛው ላይ ከነቋጠሮው የተቆረጠ ገመድ ተቀምጧል።

«አናጢው የሞተው ይህ ገመድ አልለቀቅ ስላለው ነው» አለች መርማሪዋ። «ነፋሱ ሲያይል ለቀቀው፤ ቋጠሮው ግን መዘውሩ ላይ ያዘው። ሸራው ጀልባዋን ጎትቶ ገለበጣት። ታዲያ ማን ቋጠረው?»

«እኔ ነኝ አልኩ» አለ መካኒኩ።

«ውሸት ነው። እርስዎ ሲቋጥሩ ጭራ አያስተርፉም፤ ያው የትናንቱ ቋጠሮዎ። እዚህ ግን ሁለቱም ጭራ አንድ ስንዝር ነው። ቋጣሪው በእጁ ለክቷል። ስንዝሩም ከኔ ከአጭሯ ያንሳል፤ የአናጢም የመካኒክም እጅ አይደለም። እርስዎ መጀመሪያ ጀልባዋ ጋ ደረሱ፣ ቋጠሮውን አዩ፣ የማን እንደሆነ ወዲያው ለዩ። ከዚያ በራስዎ ላይ ወሰዱት።»

«ተዪኝ በናትሽ» አለ መካኒኩ፤ አክብሮቱም ጠፋበት። «ቋጠርኩ ያልኩት እኔ አይደለሁም ወይ? እሰሪኝ!»

ሚስቲቱ ዞረች። «የማን ነው?»

መርማሪዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ልጅቷ መላጊያውን አስቀመጠች። ግራ እጇን ዘርግታ ገመዱ ላይ አደረገች፤ አውራ ጣቷ ቋጠሮው ላይ፣ መሀል ጣቷ ጭራው ጫፍ ላይ። ልክ ሆነ።

«'ከቋጠርሽ በኋላ ስንዝር ተዪ' ይለኝ ነበር» አለች በቀስታ። «ጫፎቹ ባዶ ሆነው አየኋቸው። ረስቶ ነው ብዬ… ብነግረው ያፍራል። ሰሞኑን ሲረሳ በጣም ያፍር ነበር። ኮፍያውን ሲፈልግ ቶሎ ቋጥሬለት ሄድኩ።»

ሽማግሌው በርሜሉ ላይ ኩርምት አለ። «ወይኔ ልጄን!»

መርማሪዋ ፖስታውን አወጣች። ብትደብቀው ደስ ባላት ነበር። ግን የአባትየው ስም ጉዳይ ነበር፤ ሰው ሁሉ በራሱ መርሳት ሞተ እንዲለው አልፈለገችም።

«ኪሱ ውስጥ ነበር። መዝገቤ አደጋ ነው ይላል፤ ይህ ግን የቤተሰቡ ነው።»

ሚስቲቱ ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው። «የአዲሱ ሸራ ገመድ ጫፉ አይቋጠርም።» ሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እናቷን አየች።

«ረስቶ አልነበረም» አለች። ከዚያ ጮኸች፤ «አባዬ ረስቶ አልነበረም እኮ!»

ስትወድቅ አጎቷ ወለሉ ላይ ሳትደርስ ያዛት፣ ፍቅፋቂው ላይ አብሯት ተቀመጠ። እናቷ በላያቸው ቆመች።

«ልትታሰርላት ነበር?» አለችው።

«የኔስ ልጅ አይደለችም?»

እናትየው ልጇ አጠገብ ተንበርክካ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አደረገች። ቆይታ፣ ፊቷን ሳታነሣ፣ «ስትሸከም በፊት በኩል ያዝ» አለችው።

በአራት ሰዓት ሬሳው ተነሣ። መካኒኩ በፊት በኩል በቀኝ ትከሻው ያዘ። ልጅቷ ከኋላ ከእናቷ ጋር ተከተለች። እስከ መቃብሩ ድረስ ግራ እጇን ከኮቷ ኪስ አላወጣችም።